የመሳቢያው ብሎን

ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር፤ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ አባርቶ የጣሪያው ቆርቆሮ ገና ያንጠባጥባል። ልብስ ሰፊዋ ከአልጋዋ ግርጌ ያስቀመጠችውን ባልዲ ደጅ ደፍታ ተመለሰችና በመስኮቱ ሥር ከቆመው ባለ እግር የስፌት መኪናዋ ፊት ተንበረከከች። መኪናው በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት መሳቢያ አለው። የግራውን የላይኛውን ሳበችው። ክሩን፣ አዝራሩን፣ የመርፌውን ፓኮ ባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ ገለበጠችና መሳቢያውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች፤ ማዕዘኖቹን በመርፌ ጫፍ እየኮረኮረች አጸዳች። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላም በእንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ አንድ ነጭ ነገር ቀርቷል። በጥፍሯ ፍቃ አሸተተችው። ሳሙና ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የወንድሟ ልጅ ደውላ ነበር። «አክስቴ፣ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ መሳቢያውን ይዘሽ አዳራሹ ድረስ ነይ። አባዬ የሳሙናውን ታሪክ ከመጀመሪያው ሊናገር ነው። በቀጥታ ይተላለፋል።» ከመጀመሪያው። ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ይህችን ቃል እንደ ከረሜላ በአፏ ስታገላብጣት አመሸች። መጀመሪያው ይህ ክፍል፣ መጀመሪያው ይህ መሳቢያ ነበራ። ወንድሟ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ሳለ ከዘይት መጭመቂያ የተጣለ አተላ በጀሪካን ተሸክሞ መጣ። እሷ ልብስ በምትቀቅልበት ድስት ከኮስቲክ ሶዳ ጋር አማሰለችው፤ ያን ቀን ክንዷን የላጣት ቃጠሎ ጠባሳው ዛሬም አልጠፋም። ማፍሰሻ ቸገራቸው። እሷ መሳቢያዋን ስባ ሰጠችው። ሲረጋ ገልብጠው በክር ቆራረጡት፤ ከፊት በኩል በወጣችው ቁራጭ ላይ እጀታውን የያዘው የብሎን ራስ ክብ ጉድጓድ ትቶባት ነበር። ወንድሟ ተበላሸች ብሎ መልሶ ሊያቀልጣት ሲል ነጥቃ ለጎረቤቷ ለልብስ አጣቢዋ ሰጠቻት። አጣቢዋ በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች፤ «ያቺን ባለ ጉድጓዷን» አለች፣ «አውራ ጣቴ ሲገባባት ከእጄ አታመልጥም»። ከዚያ ወዲያ ገዢው ሁሉ ባለ ጉድጓዷን አለ። ብረት ሠሪው የመጀመሪያውን የፋብሪካ ቅርጽ ሲያወጣ የጉድጓዱን ልክ የወሰደው ከዚሁ ብሎን ነው።

ሳሙናው የጭነት መኪና ወለደ፤ የጭነት መኪናው ሲሚንቶ፣ ሲሚንቶው ሕንፃ። ሕንፃው ደግሞ ፓርቲ ወለደ። የፊታችን እሑድ ምርጫ ነው፤ የወንድሟም ምልክት ቀጥ ያለ አውራ ጣት ነው። የሳሙናው ማስታወቂያ ጉድጓዱን «የእናት አውራ ጣት» ማለት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ የባለቤቱ እናት እያንዳንዱን ሳሙና ሳይደርቅ በጣቷ ጫን አድርጋ ትመርቀው ነበር ይላል። እናታቸው የሞተችው ሳሙናው ከመፍላቱ ሰባት ዓመት ቀድሞ ነው። ልብስ ሰፊዋ ይህን በሬዲዮ ስትሰማ ፈገግ ብላ ታልፈው ነበር። ገበያ ነው፤ ገበያ ላይ የቆመ ሰው ጥቂት ቢጨምር ምን ይደረጋል። ዛሬ ግን የሚናገረው ለገበያተኛ አልነበረም፤ ለአገር ነው። ለአገር ደግሞ ሰው እውነቱን ይናገራል፤ እውነቱም ከእህቱ ይጀምራል ብላ አሰበች።

በግቢው ውስጥ ስምንት ክፍል፣ አንድ የውኃ ቧንቧ፣ አንድ ቴሌቪዥን አለ። ቴሌቪዥኑ የአጣቢዋ ነው። በቅርብ የገቡት ተከራዮች ልብስ ሰፊዋ የዚያ ሰው እህት መሆኗን ሰምተው ይስቁባት ነበር፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር አንዱ ከበሩ ሆኖ፣ «የባለ ሳሙናው እህት፣ ወንድምሽን አንድ ቆርቆሮ ጠይቂልን!» ይላል። ለዚህ ነው ከቤት ስትወጣ ቧንቧው ሥር ጎንበስ ብላ የምታጥበውን አጣቢ፣ «አራት ሰዓት ላይ ክፈቺና ሁሉንም ጥሪያቸው» ያለቻት። ግራጫ ጉርድና ኮቷን ለብሳለች፤ ጨርቁን ከገዛችው ሁለት ዓመት ሆኖት ሳለ የሰፋችው ባለፈው ሳምንት ነው። የሰው ልብስ አላደርስ ብሏት።

አጣቢዋ ቀና ብላ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «አምሮብሻል። እንዲያው እዚያ ከደረስሽ አይቀር አንድ ነገር ጠይቂልኝ። የእናታችሁ ጣት ምን እየበላ ነው? ሰው ሲሞት ይከሳል ሲባል ነበር የማውቀው፤ የእሳቸው በየዓመቱ ይወፍራል።» በእጇ ያለውን ሳሙና ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገችው። «ዋጋው ከአሥራ ስምንት ሠላሳ ሁለት ገባ፤ ሳሙናው አለቀና ጉድጓዱን ይሸጡልን ጀመር።»

«እነግረዋለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ እየሳቀች። «ቀዳዳውን በነፃ አድርገው እለዋለሁ።»

አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። መሳቢያውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ እጀታው ከጨርቁ ሥር እንደ እንብርት ጎልቶ ይታያል። አጠገቧ የተቀመጠ ሽበታም ሰውዬ የጨርቁን ጫፍ በአንድ ጣቱ ገለጥ አድርጎ አየና፣ «እናቴ፣ መሳቢያውን እርስዎ ከያዙት ቁም ሣጥኑን ማን ተሸከመው?» አላት። ከኋላ ያሉት ሳቁ። «ቁም ሣጥኑ ቀድሞኝ ሄዷል» አለች። እውነቷን ነበር። በየምሰሶው፣ በየአጥሩ፣ በተዘጉ ሱቆች መዝጊያ ላይ ሳይቀር ወንድሟ አውራ ጣቱን ቀስሮ ቆሟል። ልብስ ሰፊዋ ፎቶግራፉን ባየች ቁጥር ዓይኗ የሚያርፈው ኮሌታው ላይ ነው፤ ለአንገቱ በአንድ ጣት ይበልጣል። እኔን ቢጠይቀኝ ኖሮ ብላ አሰበች፤ ከዚያ ደግሞ ዛሬ የሚቆጨኝ ነገር አይኑር ብላ ተወችው። ምን ብሎ እንደሚጠራት ታስብ ጀመር። እቤት እትዬ ይላታል፤ በአደባባይ ታላቅ እህቴ ይል ይሆናል። ተነሺ ቢላት መሳቢያውን ምን ላይ ታስቀምጠዋለች?

በአዳራሹ በር ላይ የቆመው ጥበቃ የስም ዝርዝሩን በጣቱ ወረደው፣ ደግሞ ወጣው። ስሟ የለም። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ግን በእጅ የተጻፈ አንድ መስመር ነበር፤ «መሳቢያ፣ አንድ»፤ ከፊቱም «ዕቃ አምጪ» ይላል። ዕቃ አምጪ የሚል ካርድ አንገቷ ላይ አጠለቀላት። «እህቱ ነኝ» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። ጥበቃው ቀጣዩን ሰው እያየ፣ «ዛሬ እህቱ ያልሆነ የለም፣ እማማ። ይግቡ፤ የዕቃ መግቢያ በጎን በኩል ነው» አላት። ሰውዬው ትሑት ነበር። ካርዱን ገልብጣ ጽሑፉን ወደ ደረቷ አዞረችው።

የወንድሟ ልጅ ከመድረኩ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል አጣብቃ ሳመቻት። የአባቷን ንግግር የምትጽፈው፣ ከጋዜጠኞች ጋር የምትነጋገረው እሷ ናት። ይህችን ልጅ ልብስ ሰፊዋ ታውቃታለች፤ ከአንደኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን የሰፋችው እሷ ናት፤ በየዓመቱ ጠርዙን በሦስት ጣት እያስረዘመች። ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ ከፋይ የተነጠፈበት የመስተዋት ሣጥን ተዘጋጅቷል፤ ፊቱ ላይ በወርቃማ ፊደል «ሁሉ የተጀመረበት» ተብሎ ተጽፏል። ልብስ ሰፊዋ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበችውና ጨርቁን ፈታች።

ልጅቱ መሳቢያውን በሁለት እጇ ተቀብላ እንደ ሕፃን አነሣችው። «ስንት ዓመት ልየው እያልኩ…» አለች። «ሰባተኛ ክፍል ሆኜ ስለ አያቴ ጣት ጽፌ አንደኛ የወጣሁት ትዝ ይልሻል? አንብቤ ስጨርስ መምህራችን አለቀሰች።» ከዚያ ወደ ውስጥ ተመለከተች። ጣቷ በፊተኛው ግድግዳ ላይ ሄዶ ቆመ። «ይሄ ምንድነው?»

«ብሎኑ ነዋ። እጀታውን የያዘው።» ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። «ጉድጓዱን የሠራው እሱ ነው። አባትሽ ተበላሸ ብሎ ሊያቀልጠው ነበር፤ ከእጁ ነጠቅኩት።»

ልጅቱ አልሳቀችም። ጣቷን ከብሎኑ ራስ ላይ አላነሣችም፤ እንደ ዓይነ ስውር ዙሪያውን ዳበሰችው። «አያቴስ?»

«አያትሽ ያን ጊዜ ከሞተች ሰባት ዓመቷ ነው፣ የኔ እናት።»

ከአዳራሹ የማይክሮፎን ፍተሻ ይሰማል፤ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። «አባዬ ያውቃል?» አለች ልጅቱ በመጨረሻ።

«አብረን ነው የቆረጥነው።»

የልጅቱ ዓይን እንባ ሞላ። የአመልካች ጣቷን ጫፍ ከዓይኗ ሥር አስቀምጣ፣ ኩሉ እንዳይፈስ ቀስ አድርጋ አደረቀችው፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ልብስ ሰፊዋ እጇን ልትዘረጋላት ስትል ልጅቱ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ፣ «ካቻቢቴ ያለው ሰው አለ?» ብላ ጮኸች።

የመጣው የድምፅ ባለሙያው ነበር፤ ማስቲካ ያኝካል። ብሎኑን በአራት ዙር ፈታው። እጀታው ከውጭ ወለሉ ላይ ወድቆ ተንከባለለ። «አክስቴ፣ ለዛሬ ብቻ ነው» አለች ልጅቱ መሬት መሬቱን እያየች። «መስተዋት ውስጥ ነው የሚገባው፤ ሁሉም አጎንብሶ ነው የሚያየው።» ብሎኑን በአክስቷ መዳፍ ላይ አስቀምጣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈችላት። የቀረው ቀዳዳ ብርሃን ያሳልፍ ነበር። ባለሙያው ማስቲካውን ከአፉ አውጥቶ በጣቱ አድቦልቡሎ ደፈነው። «ከዚህ ወዲያ ጉንዳንም አያሳልፍም» አለ። ማንም አልሳቀለትም።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ምሰሶው አጠገብ ተቀመጠች። ተስፋ ከማስረጃ በኋላም ጥቂት ይኖራል፤ ብሎኑን ቢያወጡት ስሜን አላወጡም ብላ አሰበች። ወንድሟ በጭብጨባ ወጣ። ከሩቅ ሲያዩት አባታቸውን ይመስላል፤ እንደ እሱ ግራ ትከሻው ዘንበል ይላል። ስለ መንገድ ተናገረ፣ ስለ ሥራ ተናገረ፣ ሰዎቹን ሁለት ጊዜ አሳቀ። ቀልድ ያውቃል፤ ከልጅነቱም በቀልድ ነበር ከዱላ የሚያመልጠው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና ወደ መስተዋቱ ሣጥን ሄደ። «ብዙዎች ከየት ተነሣህ ይሉኛል» አለ። «ከዚህ ነው የተነሣሁት። ዝናብ የሚያፈስ አንድ ክፍል፣ አንድ ድስት፣ ይህ መሳቢያ። እናትና ልጅ ብቻ ነበርን። ሌላ ማንም አልነበረንም። እናቴ ሳሙናውን በአውራ ጣቷ ጫን ታደርገውና፣ ሂድ ልጄ፣ ይህ ጣት ይከተልሃል ትለኝ ነበር።» ከዚያ አውራ ጣቱን አነሣ።

ሺህ ጣት ተነሣ። በቀኟ የተቀመጠችው ሴትዮ ዓይኗን በመሐረብ እየጠረገች በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «ያንሡ እንጂ እማማ፣ ካሜራው ወደኛ እየመጣ ነው።» ልብስ ሰፊዋ ቀኝ እጇን ኪሷ ውስጥ ብሎኑ ላይ እንደጨበጠች፣ ግራ እጇን አነሣች። አውራ ጣቷን ቀሰረች።

ስብሰባው ሲያበቃ የወንድሟ ልጅ መጥታ በክንዷ ይዛ ወሰደቻት። ወንድሟ በጎን ክፍል ውስጥ ብቻውን ቆሞ ውኃ ይጠጣ ነበር። «እትዬ!» ብሎ አቀፋት፤ ሽታው አሁን የሌላ ሰው ሽቶ ነው። የኮቱ አንድ አዝራር በክር ጫፍ ተንጠልጥሏል። «ጋዜጠኞች ውጭ እየጠበቁኝ ነው፤ እስቲ እባክሽ» አላት፣ ትናንት የተለያዩ ያህል። መርፌ ከልብሷ ኮሌታ ሥር ጠፍቶ አያውቅም፤ በጥቁር ክር ተጠምዝዞ ተሰክቷል። አውጥታ ደረቱ ላይ ጎንበስ አለች።

«ተቀየምሽኝ?»

«ዝም ብለህ ቁም። እወጋሃለሁ።»

ቆመ። መርፌው ገባ፣ ወጣ። ትንፋሹ ፀጉሯ ላይ ይመጣል። ልጅ ሳለም ልብሱን ሳያወልቅ ነበር የምትሰፋለት፤ ሌላ መቀየሪያ ስላልነበረው። «እትዬ፣ ስሚኝ» አለ ቀስ ብሎ። «እናታችን ሞታለች፤ ማንም ሄዶ አይጠይቃትም። አንቺን ግን ይጠይቁሻል። እህት አለችኝ ባልኩ በማግሥቱ ካሜራ ይዘው ይመጡብሻል። የት ነው የምትኖረው ይላሉ። ጣሪያሽን ያዩታል።»

መርፌው ቆመ። «ጣሪያውን ማሠራት አይቀልም ነበር?»

ሊስቅ ብሎ ተወው። ከውጭ አንድ ሰው በሩን በጣቱ አንኳኳ። «ከምርጫው በኋላ አሠራልሻለሁ። አሁን ባሠራው፣ ለምን አሁን ይላሉ። አንቺ ታውቂዋለሽ እኮ የሰውን አፍ።»

ክሩን በአዝራሩ ግርጌ ሦስት ጊዜ ጠመጠመችው። ለመቁረጥ ጥርሷን ወደ ደረቱ አስጠጋች፤ ቆረጠችው፤ ቀና አለች። ኮሌታው በእርግጥም በአንድ ጣት ይበልጠው ነበር። ስለ እሱ ምንም አልተናገረችም። «መሳቢያዬን ስጡኝና ልሂድ» አለች።

«እሱማ አሁን የእኔም አይደለም፣ የአንቺም አይደለም፤ የሕዝብ ሆኗል። በየክልሉ ያዞሩታል።» አዝራሩን ሳብ አድርጎ ሞከረው። ጠንካራ ነበር። «እጅሽን ይባርከው። ልጅቱ መኪና ታዝዝልሻለች።»

«ክሬንና አዝራሬን የት ላድርገው?»

በሩ ተከፈተና የካሜራ ብርሃን ገባ፤ ወንድሟ በብርሃኑ ውስጥ ፊቱን አስተካክሎ ወጣ። መኪናውን አልጠበቀችም። በዋናው በር የሚወጣ ሰው ሁሉ ከሁለት ቆነጃጅት እጅ አንድ አንድ ሳሙና ይቀበላል፤ ለእሷም ሰጧት። አንደኛዋ አንገቷ ላይ የተገለበጠውን ካርድ አቅንታ አነበበችና፣ «ካርዱን ግን እዚህ ነው የሚመልሱት» አለቻት።

ግቢው ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር፤ ሰማዩ እንደገና ከብዷል። የተከራዮቹ በሮች ሁሉ ገርበብ ብለዋል፣ አንድም ሰው ከበሩ ላይ አልቆመም፤ ስለ ቆርቆሮ የሚናገርም አልነበረም። ዝም ማለታቸው ከሣቃቸው ከበዳት። አጣቢዋ ብቻ ጧት በተወቻት ቦታ ቧንቧው ሥር ነበረች። እጇን ከአረፋው ሳታወጣ፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«መብራት ጠፋብን እኮ። ልክ እሱ ሲወጣ ድርግም አለ። አንዳችንም አላየነው።»

ከጀርባዋ፣ ከክፍሏ በኩል የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ አንድ ሰው የነገውን የአየር ጠባይ እየተናገረ ነው። ልብስ ሰፊዋ ድምፁን ሰማች። አጣቢዋም እንደሰማች አወቀች። ያቺን የመጀመሪያ ሳሙና ከእጇ የተቀበለችው ይህች ሴት ናት፤ ከእህትና ከወንድም ሌላ ያን ቀን የምታውቀው ሦስተኛዋ ሰው እሷ ብቻ ናት።

«እንኳንም ጠፋ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ምን አለ ታዲያ?»

«ስለ እናታችን ተናገረ።»

«ነፍሳቸውን ይማር» አለች አጣቢዋና የጨመቀችውን አንሶላ እንደገና ጨመቀችው።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ክፍሏ ገባች። መኪናው በመስኮቱ ሥር የግራ ጎኑ ተከፍቶ ቆሟል፤ ክሩ በወተት ጣሳው ውስጥ ነው። ባልዲውን ከአልጋው ግርጌ መለሰችው። ግራጫ ኮቷን አውልቃ ሰቀለች፣ የሥራ ሽርጧን አጠለቀች፣ ከዚያ የተሰጣትን ሳሙና ይዛ ተመልሳ ወጣች። «ይሄን እጠቢበት» አለች። አጣቢዋ ወረቀቱን ልጣ ሳሙናውን በቧንቧው የሲሚንቶ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። አዲስ ነው፤ ጉድጓዱ ጥርት ብሎ ይታያል። ልብስ ሰፊዋ ከጉርዷ ኪስ ብሎኑን አወጣች። ራሱን ወደ ታች አድርጋ ጉድጓዱ ውስጥ አቆመችውና እጇን ለቀቀች።

ጉድጓዱ ትልቅ ነበር። ብሎኑ ዘንበል ብሎ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ።